ሳይቀምሱ የሚነሰንሱ ይባረኩ

የመሀል አዲስ አበባ ሰው ለሌላው ዓለም ያልተሰጠ አንድ ጸጋ አለው፤ የምግብን ጉድለት ሳይቀምስ ያውቃል። ሳህኑ ገና ከወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ ሲል፣ ሽታው እንኳ አፍንጫው ሳይደርስ፣ ምን እንደጎደለው ተገልጦለት ያድራል። ጨው ጎድሎታል። ሚጥሚጣ ጎድሎታል። ሎሚ፣ ዳጣ፣ ካቻፕ፣ ቤቱ ደህና ቤት ከሆነ ደግሞ ማዮኔዝ ጎድሎታል። ሌላው ሕዝብ ምስኪን ነው። ይቀምሳል፣ ያላምጣል፣ ያስባል፣ ከዚያ በኋላ ነው እጁን ወደ ጨው የሚሰድደው። በዚህ የኑሮ ውድነት ጊዜ እንዲህ ያለ ብክነት ከየት ይመጣል?

ይህን ጸጋ ለማየት ጠዋት ከፒያሳ እስከ ካሳንቺስ ባሉት ቁርስ ቤቶች አንዱ ገብቶ መቀመጥ ነው፤ በተለይ እንቁላል ሲታዘዝ። እንቁላል የከተማችን ሰው ዕውቀቱን የሚያስመሰክርበት መስክ ነውና። አንዱ ፍርፍር ይላል፣ አንዱ ስልስ ይላል፣ አንዱ «ኦምሌት፣ ግን ሽንኩርቱ እንዳይታይ» ይላል። የአንዱ ቃሪያ ፍሬው ይውጣለት፣ የሌላው ከነፍሬው ይከተፍለት። ጥብስ የሚያዝዘው ሁሉ ግን በአንድ ነገር አይለያይም፤ አስኳሉ እንዳይፈስ! የሚፈስ አስኳል እኛ ዘንድ ያላለቀ ሥራ ነው። የእንቁላል ነጩ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አለፍ ሲል መርጋት ይጀምራል፣ አስኳሉም 70 አካባቢ ሲደርስ ይጠነክራል ይባላል። የእኛ ወጥ ቤት ግን እዚህ ላይ የሚያቆም ፈሪ አይደለም። ቅቅሉንማ ጥዶ ይረሳዋል፤ የነጩ ድኝ ከአስኳሉ ብረት ጋር ተገናኝቶ በአስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት እስኪያስር ድረስ። ቀለበቱ ሲታሰር በሰለ ይባላል።

ከማዘጋጃ ቤቱ አቅራቢያ ባለች ጠባብ ቁርስ ቤት አንድ ጎልማሳ አስተናጋጇን ሲመረምራት የሰማሁትን ልጻፍ።

«እንቁላሉ የሀበሻ ነው የፈረንጅ?»

«የሀበሻ ነው ጋሼ።»

«እርግጠኛ ነሽ? ባለፈው የሀበሻ ነው ብላችሁ አስኳሉ ነጭ ነበር።»

«አሁን ቢጫ ነው ጋሼ። ከገጠር ነው የሚመጣልን።»

«ከየት ገጠር?»

ከሱሉልታ አለችው። ፊቱ በራ። እንዲህ ያለ ጠያቂ ያላት ከተማ እንዴት የታደለች ናት አልኩ በሆዴ። የአስኳል ቢጫነት ዶሮዋ ከምትለቅመው በቆሎና ቅጠል እንጂ ከዜግነቷ አይመጣም የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ይበሉ። ጋሼ ግን የዘር ሐረጉን አጣርቶ፣ የትውልድ ቀበሌውን አረጋግጦ፣ ከፈረንጁ ላይ ብር ጨምሮ፣ ቢጫውን አስኳል ፊቱ አስቀረበ። አየው። ወደደው። ከዚያ ሹካውን ሳያነሳ «ሚጥሚጣ አምጪልኝ» አለ። ሚጥሚጣው መጣ፣ ተነሰነሰ። ዳጣ መጣ፣ ተለቀለቀ። «ካቻፕ የላችሁም እንዴ?» አለ፤ ነበራቸው። የሱሉልታዋ ዶሮ የደከመችበት ቢጫ ቀይ ባሕር ውስጥ ገባ፤ ባሕሩን የሚከፍል ሙሴም አልተገኘም።

አባቶች «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት የእኛን ጠረጴዛ ስላላዩ ነው። እዚህ እንቁላል በእግሩ ልሂድ ብሎ ቢነሳ ካቻፑ ያንሸራትተዋል።

ሚጥሚጣን ልነቅፍ አይደለም፤ ማን ደፍሮ! ክትፎ ላይ ሲሆን ርስቱ ነው። ኮረሪማው፣ ጨዉ፣ ያቺ ደቃቃ ቀይ በርበሬ በልክ ተደባልቀው የሚወጡት በሙያ ነው፣ ባለሙያዋም ስትወቅጠው በማስነጠስ ዋጋዋን ከፍላለች። ጥሬ ሥጋ ቀርቦ አዋዜ ቢጠፋ እኔም ከወንበሬ እነሳለሁ። እዚህ የማደንቀው የእጁን ቅልጥፍና ነው። እጅ ከምላስ ቀድሞ ሲደርስ ያየ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም።

የካቻፕና የማዮኔዝ ወዳጆችማ ለብቻቸው ሐውልት ይገባቸዋል። በየጠረጴዛው ላይ ቀይና ነጭ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጎን ለጎን ቆሟል፤ ቀዩ በውሃ ቀጥኖ ሲጨመቅ መጀመሪያ ውሃውን ይተፋል፣ ቀጥሎ ያንን የማያስከብር ድምፁን ያሰማል፣ በመጨረሻ ቀዩን ይለቅቃል። ማንም አይስቅም፤ ለምደነዋል። ፒዛ ሲመጣ፣ ቲማቲም ተቀቅሎ ከሥር የተቀባበት ፒዛ፣ ከላይ ደግሞ ካቻፕ ይዘንብበታል፤ ቲማቲም በቲማቲም ላይ። የእንቁላል ሳንዱች ሲመጣ ማዮኔዝ ይከተለዋል። ማዮኔዝ የእንቁላል አስኳል በዘይትና በሆምጣጤ ተመትቶ የሚሠራ መሆኑን ያስታወስን እንደሆነ፣ ደንበኛው እንቁላሉን በእንቁላል አጣፍጧል ማለት ነው። ጠቢብ ነው፤ ለእንቁላል ከእንቁላል የተሻለ ዘመድ ከየት ይመጣለታል?

ካቻፕም ቢሆን የዋዛ አይደለም። የጥንት አያቱ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ዓሳ በጨው ታሽቶ የሚወጣ መረቅ ነበር። እንግሊዞች ወስደው በእንጉዳይ ሠሩት፣ በለውዝ ዓይነት ፍሬ ሠሩት፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1812 ጄምስ ሚስ የሚባል የፊላደልፊያ ሰው የቲማቲሙን አሠራር አሳተመ፣ በ1876 ደግሞ ሄንዝ በጠርሙስ መሸጥ ጀመረ። ይህን ሁሉ አገርና ዘመን አቋርጦ የመጣው መረቅ የጉዞው መጨረሻ የት ሆነ ቢሉ፣ ቸርችል ጎዳና ዳር በተቀመጠ ሰው የእንቁላል ፍርፍር ላይ። የተሰደደ ሁሉ እንዲህ ቢያርፍ!

ማታ በየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ ቅቅል እንቁላል የሚያዞረው ልጅ ከሁላችን ይልቅ ሕዝቡን ያጠና ነው። ይልጣል፣ በቢላ ይሰነጥቃል፣ ስንጥቁ ውስጥ ሚጥሚጣውን ይሞላል፣ ያቀብላል። «ይጨመርበት?» ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ምን ሊጠይቅ?

ድሮ ጠላ የምትቀዳ ሴት ከዋንጫው ጥቂት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለእንግዳ አታቀብልም ነበር። ወጥ የምትሠራዋም ከማማሰያው ላይ በእጇ ጠብ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ጨው በቃው አልበቃው ትል ነበር። ዶሮ ወጡ ውስጥ የሚገባው እንቁላል እንኳ መረቁ እንዲዘልቀው ተጠርቦ ነበር የሚገባው፤ አስቀድሞ ታስቦለታል ማለት ነው። እንግዳውም ይህን ስለሚያውቅ ሌላ ዕቃ አምጡልኝ ማለት ባለቤቲቱን መስደብ ይመስለው ነበር። ዛሬ ግን ሠልጥነናል። ወጥ ቤት ያለችው የቀመሰችውን አናምንም፣ እኛ ደግሞ አንቀምስም፤ በመካከሉ ምግቡ ምን ምን እንደሚል የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ሁላችንም በሰላም እንኖራለን።

ማኪያቶ ላይ ስንሆንማ ጭራሽ ሊቃውንት ነን። «ጠቆር ያለ፣ ወተቱ ብዙ ያልፈላ፣ ፎሙ ያልበዛ፣ በትንሿ ብርጭቆ» ይባላል። መጣ። ሳይቀመስ ሦስት ማንኪያ ስኳር።

ወደ ዓሳ እንለፍ። ጾም ሲገባ እንቁላሉ ከሥጋና ከወተት ጋር ይሰናበትና ዓሳ ይነግሣል፤ ዓሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ሳይዘጋ ጉላሹም፣ ኮተሌቱም፣ ዱለቱም ያልቃል። ከዝዋይ ወይም ከሐዋሳ ሐይቅ በረዶ ታቅፎ የመጣ ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ ይቀርባል፣ ሎሚው ይጨመቅበታል፣ ዳጣው ይለቀለቅበታል፣ አዋዜው ይከተላል። የሐይቁ ጣዕም ሳህኑ ላይ ከመድረሱ በፊት ተሰናብቶ ሄዷል።

የዓሳ እንቁላል ግን እስካሁን ከዚህ ክብር ተርፎ ኖሯል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዓሳው ሐይቁ ዳር ሲዘረገፍ ሆድ ዕቃው እዚያው ይቀራል። ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ሰው አባ ኮዳ ከነመላጣው ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ አይቷል። ያ ራሰ በራ ወፍ ሌላው ዓለም በግራም እየመዘነ የሚሸጠውን የምግብ ዓይነት ዘመድ በነጻ ይውጠዋል፤ ያለ ሎሚ፣ ያለ ሚጥሚጣ። አስቡት እስኪ፣ ጣዕሙን እንዳለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ካቪያር የሚባለው ውዱ የዓሳ እንቁላል ዋነኛ ዝናው ከካስፒያን ባሕር ነው። ቤሉጋ የምትባለው ዓሳ ለእንቁላል ለመድረስ ከ15 ዓመት በላይ ይፈጅባታል፤ ልጅ አሳድጎ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስገባ ጊዜ ነው። እንቁላሏ የሚታሸው በጥቂት ጨው ነው። የብረት ማንኪያ ጣዕሙን ይለውጠዋል ብለው ደግሞ ከዛጎል በተሠራ ማንኪያ ያቀርቡታል፤ እንዲህ ይጨነቃሉ። ምላስ ለማገልገል ይህን ያህል መንገላታት! እኛ ጋ ቢመጣ ችግሩ በአንድ ቁንጥር ይፈታ ነበር። ጥያቄው ሌላ ነው፤ በጾም ጊዜ ዓሳ ተብሎ ይበላል ወይስ እንቁላል ተብሎ ይተዋል? ይህን የሚያከራክረው የዓሳው ወዳጅ ብቻ ሳይሆን ማዮኔዝ ከእንቁላል መሆኑን ረስቶ የጨመረበትም ይሆናል።

ከተማችን ግን ወደኋላ አልቀረችም። ከትልልቆቹ ሆቴሎች በአንዱ ሩዝ ላይ የተደረደረ፣ ብርቱካንማ፣ እንደ ጤፍ የደቀቀ የዓሳ እንቁላል ሲቀርብ አይቻለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ሳህኑን አንድ ጊዜ አዙሮ አየና ጣቱን ለአስተናጋጁ አነሳ።

«ወንድሜ፣ ሚጥሚጣ ይኖራችኋል?»

«አለ ጌታዬ፣ ይመጣል» አለ ልጁ፤ ከዚያ አንገቱን ደፋ አድርጎ «ሼፉ ግን መጀመሪያ አንድ ጊዜ ይቅመሱልኝ ብሏል» ሲል ጨመረ።

ሰውዬው ደነገጠ። «ለምን? እሱ አልቀመሰውም እንዴ?»