«ነገ ተመለሱ» በጃፓንኛ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ መሀል አንድ የድሮ ሲኒማ ቤት አለ። ኤኤፍአይ ሲልቨር ይባላል። በ1938 የተከፈተ ነው፤ ተዘግቶ ከርሞ በ2003 ታድሶ ሥራ ጀመረ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ)። ከሱ ትንሽ ራመድ ካላችሁ ክትፎውም ቡናውም አለ። እኔ ግን ለዓመታት የቀጠሮ ምልክት ብቻ ነበር ያደረግሁት። «ሲልቨር በር ላይ ጠብቀኝ።» አንድ እሁድ የቀጠርኩት ሰው ሲቀርብኝ ብርዱን ሸሽቼ ገባሁ። የሚታየው የአኪራ ኩሮሳዋ «ኢኪሩ» ነበር፤ የ1952 የጃፓን ፊልም። «መኖር» ማለት ነው አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ያለማንም ፈቃድ ራሴን ሃያሲ አድርጌ ሾሜያለሁ።

የኔ የፊልም ትምህርት ቤት የሰፈር ቪዲዮ ቤት ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ መስኮቱ ላይ ጥቁር ጨርቅ፣ ረጅም አግዳሚ። እዚያ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የለም። ወንበዴው አክተሩን ከጀርባ ሲመጣበት ቤቱ በሙሉ «ኋላህ! ኋላህ!» ይላል። ቀድሞ ያየው ልጅ አጠገብህ ከተቀመጠ አለቀልህ፤ መጨረሻውን ሳትጠይቀው ይነግርሃል። አንድ የማይሻር ሕግ ነበረን፤ አክተር አይሞትም። ከሞተ «ሳንቲማችን ይመለስ» የሚል አይጠፋም ነበር።

ሲልቨር ውስጥ ፀጥታ ነው። ፈንዲሻ እንኳን በቀስታ ነው የሚታኘክ። ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹ ስም ሲወጣ የሚነሳ የለም፤ የመብራት ሠራተኛው ስም ሳይቀር ይነበባል።

ኢኪሩ በሆድ ራጅ ይጀምራል። ካንሰር ነው። እኛ ሰምተናል፤ ታማሚው ራሱ ገና አልሰማም። ዋታናቤ የከተማው መሥሪያ ቤት ውስጥ የአንድ ክፍል ኃላፊ ነው። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አንድ ቀን ከሥራ አልቀረም። ከወረቀት ክምር ኋላ ተቀምጦ ማህተም ይመታል። የሰፈር እናቶች ይመጣሉ። ቆሻሻ ውሃ የተኛበት ቦታ ልጆቻችንን እያሳመመብን ነው፤ ይደፈንልንና መጫወቻ ይሁንልን ይላሉ። ወደ ሌላ መስኮት ይላካሉ። ከዚያ ወደ ፓርኮች፣ ወደ ጤና፣ ወደ ተባይ መከላከያ፣ ወደ መንገድ፣ ወደ እሳት አደጋ። ምክትል ከንቲባው ጋ ደርሰው፣ ዞረው ዞረው መጀመሪያ የመጡበት መስኮት ላይ ይቆማሉ።

እዚህ ላይ ሳቄ አመለጠኝ። ሌሎቹም ፈገግ ብለዋል፤ የኔ ግን የቪዲዮ ቤት ሳቅ ነበር። ፊቴ የነበረችው ሴትዮ ዞራ አየችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? አገር ቤት መታወቂያ ላሳድስ ብዬ ሳምንት ሙሉ ተመላልሻለሁ። ኃላፊው ስብሰባ ናቸው። ማህተሙን የያዘችው ልጅ ምሳ ወጥታለች። በማግስቱ ልጅቷ አለች፤ ማህተሙ የለም። ለነገሩ አሜሪካም «ነገ ተመለሱ» አለ። በስልክ ነው የሚሉህ፣ ደግሞ በሙዚቃ አጅበው። አርባ ደቂቃ ካዳመጥክ በኋላ መስመሩ ይቋረጣል።

ሞቱን ከሰማ በኋላ ዋታናቤ አንድ ሌሊት መሸታ ቤት ይገባል። ፒያኖ ተጫዋቹን አንድ የ1915 ዘፈን ይጠይቀዋል። ዕድሜ አጭር ነው የሚል ዘፈን። ከንፈሩ ሳይላቀቅ ይዘፍናል፤ የሚደንሱት አንድ በአንድ ያቆማሉ። ዜማው ጆሮዬ ላይ ትዝታ ሆኖ ነው የገባው። ጃፓኖችም ባለ አምስት ድምፅ ስልቶች አሏቸው፤ አንደኛው ከኛ ትዝታ ሜጀር ጋር ድምፁ አንድ ነው። ይህን ያወቅሁት ቤቴ ገብቼ ክራሬን ካነሳሁ በኋላ ነው።

ጆሮዬ ለራሱ ነገር የዘገየ ነው። ሙላቱ አስታጥቄን በወጉ የሰማሁት በአሜሪካዊው ዳይሬክተር በጂም ጃርሙሽ የ2005 ፊልም ነው። ተዋናዩ ቢል መሬይ መኪና ሲነዳ «የከርሞ ሰው» ይንቆረቆራል። ሲዲውን የሰጠው ኢትዮጵያዊ ጎረቤቱ ነው። አገር ቤት ሳለሁ መሣሪያ ብቻ ሲሆን ዘፋኙ እስኪገባ የምጠብቅ ሰው ነበርኩ። ዘፋኙ አልገባም። ፈረንጁ ጸጥ ብሎ ሲሰማ አብሬ ዝም አልኩ።

ወደ ዋታናቤ ልመለስ። መጫወቻ ስፍራውን እየለመነ፣ እየተንቆራጠጠ ያሠራዋል። ይሄንንም የምናየው ከሞተ በኋላ ነው። አዎ፣ ፊልሙ አንድ ሦስተኛ ገደማ ሲቀረው አክተሩ ይሞታል! የተቀረው ለቅሶ ቤት ነው። ምክትል ከንቲባው የሥራውን ምስጋና ለራሱ ይወስዳል። ባልደረቦቹ ሳኬ ሲሞቃቸው «ከነገ ጀምሮ እንደ እሱ እንሠራለን» ብለው ይምላሉ። በነጋታው ማመልከቻ የያዘ ሰው ሲመጣ ወደ ሌላ መስኮት ይልኩታል።

ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን ቀበሌና ወረዳ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። እየው ብዬ ወር ሙሉ ወተወትኩት። አይቶ ደወለ።

«ጋሼ፣ እንዴት ነው?»

«ፊልሙስ ደህና ነው። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳይቀር? እሷን እንኳን ዋሽተዋል።»

«ምክትል ከንቲባውስ?»

«እሱማ እውነት ነው። ስሙን ልንገርህ?»