መጀመሪያ የተጫነው ኮምፒውተሩ ነበር

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ላይ በተደረገ ስብሰባ አንድ ኃላፊ ስለ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ቤቶች የተናገሩትን ሰምቼ ደሜ ፈላ። ባጭሩ ሰነዱ ሁሉ ስካን ይደረግ፣ ወረቀቱ ይወገድ፣ የአርካይቪስት (የሰነድ ጥበቃ ባለሙያ) መደብ ይታጠፍ፣ ሠራተኞቹም ወደ ሌላ ክፍል ይደልደሉ ነው የሚሉት። አዳራሹ አጨበጨበ። ያጨበጨቡት ሰዎች እኮ በ2014 እዚሁ ነበሩ!

ምክንያት ብለው ያቀረቡት ደግሞ ይብሳል። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቁጭ ብሎ ወረቀት ከመደርደር በቀር ሥራ የለውም አሉ። ሥራ የሌለው ይታጠፍ ከተባለ እኔ ከስብሰባዎቹ ነበር የምጀምረው።

ለመሆኑ ኃላፊው መዝገብ ቤት ገብተው ያውቃሉ? እኔ የማውቃት አንዲት ሠራተኛ አለች። አንድ ቀን ከመርሳ የመጣ ልጅ ቴምፖው (ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃው) ጠፍቶበት መጣ። ሬጅስትራር ሄዶ ስሙን ኮምፒውተር ላይ ቢፈልጉት "የለህም" ብለውታል። ተምሮ የተመረቀ ልጅ፣ የለህም! እሷ ሰማችውና "የክረምት ነበርክ የመደበኛ?" አለችው። "የክረምት፣ እትዬ።" "አብሽር፣ ቆይ።" ከታችኛው መደርደሪያ ክላሰር ጎትታ አወጣች። ልጁ ሰይድ ነው፤ የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ሰኢድ ተብሏል፤ በፈረንጅ ፊደል ደግሞ ሌላ ዓይነት ተጽፏል። ወሎ ውስጥ ስንት ሰይድ፣ ስንት መሐመድ አለ? የትኛው የማን እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት። ማሽኑ የሚያውቀው የተጻፈለትን ብቻ ነው።

ወደ ዋናው ልምጣ። በጦርነቱ፣ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ኅዳር ማብቂያ 2014፣ ደሴና ኮምቦልቻ በማን እጅ እንደነበሩ ለዚህ ገጽ አንባቢ አልነግርም። ስንመለስ ያየነውን ግን ማስታወስ ያስፈልጋል፣ የረሳን ይመስላልና። ስንቱ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የቀረው የኮምፒውተሩ ቅርጽ ነበር፣ በአቧራ ታትሞ። ገመዱ ተቆርጧል፣ ፕሪንተሩ የለም፣ ሰርቨሩ የነበረበት ክፍል ባዶ ነው። ደሴ ሙዚየም እንኳን አልተረፈም። ወለሉ ላይ ግን ወረቀት ነበር። ተረግጧል፣ ተበትኗል፣ የተቃጠለም አለ፤ ግን ነበር። ወረቀት መኪና ላይ ጭኖ የሚሄድ ዘራፊ እስካሁን አላየሁም፣ አላይምም። መጀመሪያ የሚጫነው ኮምፒውተሩ ነው። ያን ወረቀት ጎንበስ ብለው የለቀሙት፣ ራስጌው ላይ ያለችውን ቁጥርና ቀን እያዩ ወደየማህደሩ የመለሱት እነዚሁ "ሥራ የሌላቸው" ሰዎች ናቸው። አሁን ታዲያ የተረፈውን አስወግደን የሚሰረቀውን እንያዝ ነው የምትሉት?

ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚደረስበት ማከማቻ፣ አለ ይሉኛል። ጥሩ። በሐምሌ 2015 ማብቂያ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ስንት ወር ከረመ? የክላውዱ ኪራይስ በዶላር አይደለም እንዴ? ሰኞ ገበያ ያለች ጫማ ቤት እንኳን ደረሰኟን በካርቦን ኮፒ ትይዛለች፤ ዩኒቨርሲቲ የተማሪውን ማስረጃ ሰማይ ላይ ሰቅሎ ይተኛ?

ስካን አይደረግ አላልኩም፣ ይደረግ። ግን በማን? የትኛው ለዘላለም ይቀመጣል፣ የትኛው ከስንት ዓመት በኋላ ይወገዳል የሚለውን የሚለየው አርካይቪስቱ ነው። የስቴፕለሩን ሽቦ ነቅሎ፣ ገጹን አስተካክሎ፣ ለፋይሉ ስም የሚሰጠውም እሱ ነው። (የደሴን ጉምና እርጥበት የሚያውቅ ያውቃል፤ ሽቦው ዝጎ ወረቀቱን ይበላዋል።) ያለ እሱ የሚሠራ ስካን "ስካን 0047" የሚል ስም ያለው ክምር ነው፣ ጤፉን ከነጠጠሩ ጎተራ እንደመክተት።

ሙያው መናቁ ዛሬ አልጀመረም። እኛ ዘንድ መዝገብ ቤት የቅጣት ቦታ ነው። ከአለቃው ጋር የተጣላ እዚያ ይጣላል። ሥልጠና ሲመጣ አይጠራም፣ ደረጃው አያድግም፣ ሠላሳ ዓመት አቧራ ውጦ ጡረታ ሲወጣ ጋቢ አልብሰው ይሸኙታል፤ የሚያውቀውም አብሮት ይሄዳል። ሌላው ቀርቶ ስድስት ኪሎን ተመልከቱ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በፈረንጆቹ 1963 ሲቋቋም ሪቻርድ ፓንክረስት ዳይሬክተር ነበሩ፤ መጽሐፉንና ሰነዱን የሰበሰበው ግን ስታኒስላው ሆይናትስኪ የሚባል ፖላንዳዊ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው። ያን ሰውዬ ወረቀት ደርዳሪ ብለው ወደ ሌላ ክፍል ደልድለውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ተመራማሪው ምን ያነብ ነበር? የንጉሥ ሚካኤልን ዘመን አጠናለሁ ያለ የደሴ ልጅ ዛሬም ሻንጣውን ይዞ አዲስ አበባ ይሄዳል። ንጉሡ ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ እዚህ፣ ሰነዱ እዚያ! ይሄ ሊያሳፍረን ሲገባ እኛ ያለንንም ልናስወግድ ነው።

ደግሞ በዚህ ወቅት! አገሩ ሁሉ ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ እያጣራ ባለበት ሰዓት፣ ዋናው የውጤት ዝርዝር ከመምህሩ ፊርማ ጋር ይወገድ ይባላል። ስካን የተደረገ ፊርማ ላይ ፎቶሾፕ የሚችል ጎረምሳ ምን እንደሚሠራ ኃላፊው ካላወቁ ሸዋበር ካለ ማተሚያ ቤት ጠይቀው ይረዱ። ፎርጂድ ሰሪ ከዚህ የተሻለ ውሳኔ ከየት ያገኛል?

ውሳኔው የማይቀር ከሆነ አንድ ሐሳብ አለኝ። ማስወገዱ ከኃላፊው የግል ማህደር ይጀመር፦ የቅጥር ደብዳቤያቸው፣ የዲግሪያቸው ኮፒ፣ የደረጃ እድገታቸው፣ የጡረታ ቅጻቸው። ስካኑን በፍላሽ እንሰጣቸዋለን።