“2,000 በመቶ አተረፈ” ሲባል ማን ነው ያተረፈው? (ክርክር)

የክርክሩ ነጥብ፦ ኩባንያ ገንዘቡን ወደ ቢትኮይን (ዲጂታል ገንዘብ) መቀየሩ ለባለአክሲዮኑ ያዋጣል? የአክሲዮን ምርጫስ በመቶኛ ትርፍ ብቻ ይመዘናል?

ደጋፊ፦
በቁጥር እንጀምር። ማይክሮስትራቴጂ (ከ2025 ጀምሮ ስሙ “ስትራቴጂ” ሆኗል) ለድርጅቶች ሶፍትዌር የሚሸጥ ኩባንያ ነው። ቨርጂኒያ፣ ታይሰንስ፤ የዲሲ አካባቢ ሐበሻ በየቀኑ የሚያልፍበት ሰፈር። በኦገስት 2020 መሥራቹና የያኔው ሥራ አስፈጻሚ ማይክል ሴይለር የተቀመጠውን ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ በ250 ሚሊዮን ዶላር 21,454 ቢትኮይን ገዛ። ግዢው ከመነገሩ በፊት አክሲዮኑ 124 ዶላር ገደማ ነበር። በ2024 አንዱ አክሲዮን ለ10 ስለተከፈለ፣ አሁን ባለው ስሌት 12 ዶላር ከምናምን በለው። 2024 ሲያልቅ 290 ዶላር ገደማ ደረሰ። ከ2,000 በመቶ በላይ! ቢትኮይን ራሱ በዚያው ጊዜ 8 እጥፍ ገደማ ነው የሆነው። ታዲያ መራጭን በትርፉ ካልመዘንከው በመልኩ ልትመዝነው ነው?

ተቃዋሚ፦
ወዳጄ፣ መነሻውንም መድረሻውንም አንተው መረጥከዋ! እስቲ ያንኑ ስሌት 2022 መጨረሻ ላይ አቁመው። አክሲዮኑ በድሮው ዋጋ (ለ10 ሳይከፈል) 142 ዶላር ገደማ ነበር፤ ትርፉ 15 በመቶ አካባቢ። ቢትኮይን ገዝቶ ዝም ያለው ሰው ግን ወደ 40 በመቶ አግኝቷል። ደግሞ ብዙው ሰው የሚገባው ወሬው ሲግል ነው። በፌብሩዋሪ 2021 በ1,270 ዶላር ገደማ የገዛ ሰው በ2022 መጨረሻ 89 በመቶ ገደማ ወርዶበታል። ያንን ለመመለስ ደግሞ 800 በመቶ ገደማ መውጣት አለበት።

ስልኩን አውጥቶ አረንጓዴውን “300 በመቶ” የሚያሳይህ ሰው አይጠፋም። ስንት አስገባህ ስትለው ግን ጨዋታ ይቀይራል። 200 ዶላር ይሆናላ! 600 አተረፈ። ወረድ ብሎ ያለው፣ 10,000 ዶላር የገባበት ሌላው አክሲዮን 30 በመቶ ከስሮ ቢሆንስ? ድምሩ 2,400 ዶላር ኪሳራ ነው። በመቶኛ ብቻ ካየኸው ግን ጀግና ነው።

ደጋፊ፦
የገዢውን ጥፋት በኩባንያው አታላክክ። አሠራሩን እየው። አክሲዮኑ ከያዘው ቢትኮይን ዋጋ በላይ ሲሸጥ፣ ኩባንያው አዲስ አክሲዮን ሸጦ ቢትኮይን ይገዛል፤ ስለዚህ የነባሩ ባለአክሲዮን የቢትኮይን ድርሻ ያድጋል እንጂ አይሳሳም። በኖቬምበር 2024 ደግሞ 3 ቢሊዮን ዶላር በዜሮ ወለድ ተበደረ። ዜሮ! አንተ ባንክ ሄደህ እንዲህ ያለ ብድር አምጣ እስቲ።

ተቃዋሚ፦
አበዳሪው እብድ ነው እንዴ? ብድሩን ወደ አክሲዮን የመቀየር መብት ስላለው ነው ወለዱን የተወው። “ድርሻው ያድጋል” ያልከውም እውነት ነው፤ ግን ከማን ኪስ? ያንን አዲስ አክሲዮን የገዛው ሰው የ1 ዶላር ቢትኮይን በ2 ዶላር እየገዛ ነው። ይባስ ብሎ ኩባንያው ይህን ዕድገት “ቢቲሲ ዪልድ” (የቢትኮይን ገቢ እንደ ማለት) ብሎ ሰይሞ ለ2024 74.3 በመቶ አለ። ሰው ይህን ሲሰማ ወለድ ይመስለዋል። ቢትኮይን ምን ወለድ አለው? በአንድ አክሲዮን የሚደርሰው የቢትኮይን መጠን ጨመረ ማለት ብቻ ነው። ገዢው ከዋጋው በላይ አልከፍልም ያለ ቀን ደግሞ ይህ ሁሉ ይቆማል። በ2025 አክሲዮኑ ግማሽ ገደማ ሲወርድ ቢትኮይን የወረደው ከ10 በመቶ በታች ነው።

ደጋፊ፦
አሁን አንተም መነሻህን መረጥክ! 2025ን ነጥለህ አወጣህ። ቴስላንስ ለምን ዘለልከው? በ2021 1.5 ቢሊዮን ዶላር አስገብቶ፣ በ2022 ገበያው ሲወድቅ ከያዘው ቢትኮይን ሦስት አራተኛውን ገደማ ሸጠ። ከዚያ ዋጋው ወጣ። የጸናው ሴይለር ነው።

ተቃዋሚ፦
ቴስላ መኪና ይሸጣል፤ ቢትኮይኑ ቢወድቅም ቢነሳም ያን ያህል አይነካውም። እኔ የምልህ ቀላል ነው፦ ቢትኮይን ላይ የተንጠለጠለ አክሲዮን ስትመርጥ፣ በገዛህበት ቀን እኩል ገንዘብ በቀጥታ ቢትኮይን ላይ ብታውል ኖሮ ስንት ይሆን ነበር? የአንተን መነሻ ልውሰድ፤ በ2020 ለገዛው አክሲዮኑ ይበልጣል። የራስህስ? የገዛህበትን ቀንና ያስገባኸውን ዶላር ጻፍልን፣ እዚሁ እናስላው።