ባንኮኒው ላይ ብቻውን የሚያድረው

የኒው ዮርክ ግዛት የችርቻሮ መደብር ሠራተኞችን ከጥቃት ለመጠበቅ ያወጣው ሕግ እ.ኤ.አ. ከጁን 2 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። አገረ ገዥዋ ካቲ ሆኩል የፈረሙት ይህ ሕግ 10 እና ከዚያ በላይ የችርቻሮ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ የጥቃት መከላከያ መመሪያ እንዲያወጣና ሠራተኞቹን እንዲያሠለጥን ያስገድዳል፤ 500 እና ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ከ2027 መጀመሪያ አንስቶ ሠራተኛው ድምፅ ሳያሰማ እርዳታ የሚጠራበት ቁልፍ ማቅረብ አለበት። ሕጉ በመውጣቱ ደስ ይለኛል፤ ቅሬታዬ 10 በምትለው ቁጥር ላይ ነው።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ በአንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ተቀባይ እናስበው። በዲሲ ዙሪያም ሆነ በሲያትል ያሉ ወገኖቻችን ይህን ሥራ አሳምረው ያውቁታል። ሲጋራ ሊገዛ የገባ ወጣት መታወቂያ ሲጠየቅ ይቆጣል፣ ባንኮኒውን በመዳፉ ይመታል፤ ሠራተኛው አንድ ዓይኑን ሰውዬው ላይ፣ ሌላውን በሩ ላይ አድርጎ ሲጋራውን ይስጠው ወይስ ሕጉን ያክብር እያለ ያመነታል። ባለቤቱ ያሉት አምስት ሠራተኞች ብቻ ከሆኑ የኒው ዮርኩ ሕግ ይህን ሰው አያውቀውም። ብቻውን በመሆኑ ይበልጥ የተጋለጠው ግን እሱ ነው።

የዋሽንግተን ግዛት ደንብ የቆጠረው ሰውን ሳይሆን ሰዓትን ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ሱቅ፣ ምግብ ቤትና ሆቴልን የመሳሰሉት ሲቀሩ፣ ገንዘብ መቀበያው ከመንገድ እንዲታይ ማድረግ፣ ደጁን በመብራት ማድመቅ፣ ካዝናውን ሠራተኛው መክፈት እንደማይችልና በመሳቢያው ውስጥ ያለው ገንዘብ ጥቂት መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ መለጠፍ፣ ሠራተኛውንም ማሠልጠን አለበት። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ ለሌሊት መደብሮች ተመሳሳይ ሐሳብ ያሳተመው በ1998 ነበር፤ ምክር ብቻ በመሆኑ ግን ማንንም አያስገድድም።

ትንሽ ነጋዴ ወጪውን አይችለውም የሚል ክርክር ይነሣል። ሌሊቱን ሁለተኛ ሰው መቅጠር በእርግጥ ይከብዳል፤ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ባንኮኒው ላይ ያድራልና ይህን አላቃልለውም። መስኮቱን የሸፈነውን የቢራ ፖስተር አንሥቶ አላፊው ፖሊስ ወደ ውስጥ እንዲያይ ማድረግ ግን አንድ ሳንቲም አያስወጣም።