መልሱ ማስቲካ ነው

ደብረ ማርቆስ ሱቅ ገብታችሁ የሃያ ብር ዕቃ በመቶ ብር ግዙ። ባለሱቁ ብሩን ሳይነካ መጀመሪያ እናንተን ይገላምጣል። "ዝርዝር የለህም?" ጦርነቱ መንገድ የዘጋ፣ ኔትወርክ የጠፋ ሰሞን ደግሞ አይጣል ነው። በፕላስተር የተጠገነው አምስት ብር እንኳ ወግ ደርሶት በክብር ይፈለጋል።

ያን ጊዜ መልሱ ማስቲካ ይሆናል። ሁለት ብር ቢቀራችሁም አንድ ማስቲካ፣ አራት ብር ቢቀራችሁም አንድ ማስቲካ። ምንዛሪውን የሚወስነው ብሔራዊ ባንክ ሳይሆን የባለሱቁ ፊት ነው።

አሜሪካኖችም ቀምሰውታል። በእርስ በርስ ጦርነታቸው፣ በፈረንጆቹ 1862፣ ሰው ሳንቲሙን ደብቆ ገበያው ደረቀ። ነጋዴው የሱቁን ስም ያተመበት የመዳብ ቁራጭ እያሠራ መልስ ይሰጥ ጀመር። አንዳንዱ ላይ "አንድ ሳንቲም አይደለም" ተብሎ ተጽፏል። "አንድ ሳንቲም" በትልቁ፣ "አይደለም" የምትለዋ ግን በደቃቃ ፊደል! ሊንደንሙለር የሚባል የኒውዮርክ ቢራ ሻጭ ከሚሊዮን በላይ እንደበተነ ይነገራል። የፈረስ ትራም ድርጅት ከተሳፋሪ የሰበሰበውን ይዞ "ቀይርልን" ቢለው እምቢ አለ። በ1864 መንግሥት በሕግ ከለከለ።

አያቶቻችን ከዚህ ይሻላሉ። ባሶ ገበያ ላይ ጠገራ ብር ሲመነዘር መልሱ አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ቢያንስ ወጥ ውስጥ ይገባል። ደግሞ የሰጣችሁ ሰው መልሶ ይቀበላችኋል። ቁም ነገሩ እሷ ላይ ነው።

እኔም አንድ ቀን ያጠራቀምኩትን ማስቲካ ይዤ ስኳር ልገዛ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ በዚህ ያዙልኝ።"

"ምንድን ነው ይሄ?"

"እርስዎ የሰጡኝ መልስ ነዋ!"

"እኔ ማስቲካ እሸጣለሁ እንጂ አልገዛም፣ ልጄ።"

ሊንደንሙለር ቁጭ! ባጃጁም አልተቀበለኝም። ረዳት ቢኖረው ኖሮ ይደበድበኝ ነበር። በመጨረሻ "ለጽድቅ ይሁን" ብዬ ማርቆስ ደጃፍ ለተቀመጡ አንድ የኔ ቢጤ ዘረጋሁላቸው። አገላብጠው አዩት።

"ጥርስ የለኝም፣ ልጄ" አሉ። ቀጥለው ዙሪያቸውን ቃኘት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "መቶ ብር ካለህ ግን እዘረዝርልሃለሁ። አምስቷን ለኔ ታስቀራለህ።"