መጋዙ ማን ጋ ነው?

ሐምሌ በገባ ሰሞን ነው። ከጣና የተነሳ ነፋስ የባሕር ዳሩን ሰፈራችንን ሽምብጥን ሌሊቱን ሙሉ ሲያንገላታ አድሮ፣ ሊነጋጋ ሲል ከጓሮ "ጓ!" የሚል ድምፅ ሰማን። ባለቤቴ "ሌባ ነው፣ ውጣና እይ" አለች። እኔ መውጣቱን ስላልወደድኩት "ማንጎው ነው" አልኩ። ሰው ሲፈራ አንዳንዴ እውነት ይናገራል፤ ማንጎው ነበር። ከታፋዬ የሚወፍር ቅርንጫፍ ተገንጥሎ፣ ግን ጨርሶ ሳይለይ፣ ወዲህኛው ጫፉ ግንዱን የሙጥኝ እንዳለ ወዲያኛው ጫፉ የጎረቤቴ የቆርቆሮ አጥር ላይ ተጋድሟል።

"የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል" ይላል ያገሬ ሰው። ይህን የተረተው ሰው ሽምብጥ አልኖረም። እኛ ሰፈር ግንድ ሲወድቅ የሚበዛበት ምክር ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጓሮዬ ለቅሶ ቤት መሰለ። ሰው ጋቢውን እንደተከናነበ ይገባል፣ ቅርንጫፉን አይቶ ከንፈሩን ይመጣል፣ "እንኳን ሰው ላይ አልወደቀ" ይለኛል፣ ከዚያ ቦታ ይዞ ይቆማል። ቆጠርኳቸው፤ 11 ናቸው። ቅርንጫፉ እንዴት መቆረጥ እንዳለበት ዐሥራ አንዱም ያውቃሉ። መጋዝ ያለው ግን አንድም የለም።

መጥረቢያስ ነበር። አንዱ ጎረምሳ መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ አንድ ጊዜ ቢያሳርፍበት፣ ቅርንጫፉ እንደ ሶፋ ሞላ ነጥሮ ቆርቆሮውን "ቋ!" አደረገው። የአጥሩ ባለቤት "አጥሬን! አጥሬን!" እያለ ከወዲያ ማዶ መጣ። ያ አጥር ሁለት ክንድ ያህል ወደ እኔ ግቢ የገባ ለመሆኑ ሰፈሩ ሁሉ ምስክር ነው፤ ግን የዛሬው ጉዳዬ መጋዝ ስለሆነ ልለፈው።

ቁም ሣጥን ከሚሠራው ልጅ ዘንድ መጋዝ ተዋስን። ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጥርሱ ደቃቅ፤ ጣውላ ሲቆርጥ ቅቤ የሚቆርጥ ይመስላል። እኔም እጅጌዬን ሰብስቤ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ 5 ምልልሶች ጥሩ ነበሩ፤ ለመታየትም በቃሁ። ወደ ዐሥረኛው ላይ እርጥቡ ሰጋቱራ እንደ ገንፎ ተለውሶ ጥርሱን ሞላው። ወደ ሃያኛው ላይ መጋዙ ቀጥ አለ። አይገፋ፣ አይሳብ።

"ግፋ!" አለ አንዱ። "ሳብ እንጂ!" አለ ሌላው። "ሳሙና ቀባው።" "ጋዝ ነው የሚቀባ።" ከኋላ ያለች አንዲት እናት "በስመ አብ ሳትል ጀምረህ ነው ልጄ" አሉኝ። ከምክሩ ሁሉ ያፈርኩት በዚህኛው ነው፤ እውነትም አላልኩም ነበር።

በዚህ መሀል ፖሊ መጣ። ፖሊ ስሙ አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በተከፈተው በባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የእንጨት ሥራ ተምሯል፤ ይህንንም በሠርግም በተዝካርም ሳይጠቅስ ስለማያልፍ ስሙ ሆኖ ቀረ። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቅርንጫፉን አንድ ጊዜ ዞረው።

"ፒላው ተነከሰ" አለ። ፒላ በሩሲያኛ መጋዝ ማለት ነው። ይህችን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ሌላ የምናውቀው ሩሲያኛ የለም።

"መጋዝ ይነክሳል እንጂ ይነከሳል እንዴ ጋሼ?"

"አንተ ካስነከስከውማ ይነከሳል። እየው፤ ይሄ ቅርንጫፍ በሁለቱም ጫፉ ተደግፏል። መሀሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ሲሰምጥ የላዩ ይጨመቃል፣ የታቹ ይወጠራል። አንተ ከላይ ስትቆርጥ የከፈትከውን በር እንጨቱ መልሶ ይዘጋብሃል። ከላይ ሲሶውን ብቻ ትቆርጥና የቀረውን ከታች ወደ ላይ ትጨርሳለህ። ባዶ ላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ሲሆን ደግሞ ግልባጩ ነው፤ ከታች ትጀምራለህ፣ ከላይ ትጨርሳለህ። አለዚያ ሲወድቅ የግንዱን ልጣጭ እንደ ቁርበት ገፎት ይወርዳል።"

ዐሥራ አንዱም በአንድ ድምፅ "እኛስ ምን አልን?" አሉ።

ፖሊ ሽብልቅ አስገብቶ መጋዙን አላቀቀልኝና በአውራ ጣቱ ጥርሱን ዳሰሰ። የቁም ሣጥን መጋዝ ነው፣ ማገዶ አያውቅም አለ። በአንድ ኢንች ላይ 10 ጥርስ የተደረደረበት ለደረቅ ጣውላ ነው፤ እርጥብ እንጨት ግን ሰጋቱራው የሚወድቅበት ሰፊ ክፍተት ይፈልጋል፤ በኢንች 4 ወይም 5 ጥርስ ይበቃዋል። ያንንም ቢሆን አንዱን ጥርስ ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ዘመም ያደረጉት፣ የሚቆርጠው መንገድ ከራሱ ገላ እንዲሰፋ። በአራት ጥርስ ማገዶ ይቆረጣል ሲባል አያቴ ትዝ አሉኝ፤ እሳቸውም በመጨረሻ ዘመናቸው በአራት ጥርስ ቆሎ ይቆረጥሙ ነበር።

በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ወረድን፤ እኔ ገንዘብ ይዤ፣ ፖሊ እውቀት ይዞ። ነጋዴው ሦስት መጋዝ ዘረጋልን።

"ይሄ ኦሪጅናል ነው።"

"ያኛውስ?"

"ያኛውም ኦሪጅናል ነው።"

"ታዲያ ዋጋቸው ለምን ተለያየ?"

"ይሄኛው ኦሪጅናል ኦሪጅናል ነው ጋሼ።"

ፖሊ አንደኛውን አንስቶ ስለቱን እንደ ቀስት ለጠጠና ለቀቀው። ሳይቃና ጎብጦ ቀረ። "ይሄ ያገባ ሰው ነው" ብሎ መለሰለት። የሁለተኛው ጥርስ ጫፉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ነው፤ እንዲህ ያለው በሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ግን አንዴ ከዶለዶመ ሞረድ አይበላውም፣ መጣል ነው። ሦስተኛው ቀስት የመሰለው፣ ስለቱ ቀጭን፣ ጥርሱ ፈንጫጫ ነው። ስለቱ ብቻውን ይቀየራል። በ900 ብር ተስማማን። ነጋዴው "ለእርስዎ ብዬ ነው" አለኝ፤ እስከዚያች ደቂቃ አይቶኝ አያውቅም።

ድሮ ምሳር ዱር ሲገባ ዛፎቹ "እጀታው ከእኛ ወገን ነው" ብለው አዘኑ ይባላል። የእኔ መጋዝ እጀታው ፕላስቲክ ነው። ዛፎቹ የሚያሙት ዘመድ እንኳ አጡ።

ስንመለስ የባጃጁ ልጅ በመስታወት መጋዙን ሲያይ ሲያይ ቆይቶ "ጋሼ፣ አንድ ቀን ያውሱኛል" አለኝ። ቤቴን ገና አላወቀም። ምልክቱን ማየት ነበረብኝ።

ቅርንጫፉን ለመቁረጥ ፖሊ ሁለት ሰው ይያዘው አለ። ሩሲያውያን ሁለት ሰው የሚይዘውን ረጅም መጋዝ በቀልድ "ድሩዥባ" ይሉታል፤ ወዳጅነት ማለት ነው። ምስጢሩ መሳብ ብቻ ነው፤ አንዱ ሲስብ ሌላው እጁን ያላላል፣ ማንም አይገፋም። ከተገፋ ስለቱ ይንጋደዳል። የእኛው አጠር ቢልም ሕጉ ያው ነው ተባለ። እንግዲህ ከወዲህ እኔ፣ ከወዲያ ማን ይያዝ? አጥሩ የእሱ ስለሆነ የአጥሩ ባለቤት ያዘ። ከእሱ ጋር ከሰላምታ በላይ ከተነጋገርን 2 ዓመት አልፎናል።

ሳብኩ። ሳበ። ሳብኩ። ሳበ። ለአፍታ ያህል እውነትም ድሩዥባ መሰለ። ከዚያ ስለቱ ተንቀጠቀጠና ተንጋደደ።

"ገፋህ!" አልኩት።

"አንተ ነህ የገፋህ!"

"እኔ ገፍቼ አላውቅም። ገፊውን ሰፈር ያውቀዋል።"

ዝም ተባለ። ጋቢ ለባሾቹ ተያዩ። ከመጋዙ ወጥተን ድንበር ውስጥ እንደገባን ሁሉም ገብቶታል። "ምን ለማለት ነው?" አለ እጀታውን ሳይለቅ። ፖሊ በመሀል ገብቶ "ስለ እንጨቱ ነው፣ ስለ እንጨቱ ነው" ባይል ኖሮ፣ የማንጎ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ የመጣ ሕዝብ ለሽምግልና ሊቀመጥ ነበር። ቆረጥነው ለማንኛውም። በግራ እጄ የነካሁት የማንጎ ወተት ለ3 ቀን አሳከከኝ። ፖሊ "ወተቱ ለአንዳንድ ቆዳ አይስማማም" አለ፤ ባለቤቴ "የለም፣ ዓይን ነው፤ አዲስ መጋዝ ይዘህ በጠራራ ፀሐይ ስትሄድ" አለች። ሐምሌ ላይ ጠራራ ፀሐይ አልነበረም፤ ግን አልተከራከርኩም።

ጉቶውን ስናስተካክል የዘጌዋ እትዬ ደርሰው ተቆጡን። "እኛ አገር በሬ አይጠመድም፣ ዛፍ አይቆረጥም፤ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው። ስለዚህ ነው ቡናችን ጥላ ያላጣው።" አንዱ ደፋር "ታዲያ እትዬ፣ ድሮ ከዘጌ በታንኳ እየተጫነ ባሕር ዳር የሚሸጠው ማገዶ ከየት ነበር?" አላቸው። "ደረቁ ነዋ!" አሉ ሳያመነቱ። ቀጥለውም ፍልጡ ሲፈለጥ ለእሳቸው አንድ ሸክም እንዲቀር አዘዙ። እርጥብ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ውሃ እንደሆነና ተፈልጦ ከዝናብ ተጠልሎ ወራት መቆየት እንዳለበት ፖሊ ቢያስረዳቸው፣ "እኔ ቤት ይደርቃል" አሉት።

ከዚያ በኋላ ነው መከራው የመጣ። በሬ ላይ "መጋዝ አለ?" የሚል ድምፅ ከ"እንዴት አደራችሁ" ቀደመ። የመጀመሪያው ሰው ለአንድ ሰዓት ወሰደ፣ በ4ኛው ቀን መለሰ። ሁለተኛው አልመለሰም፤ ለሦስተኛው አስተላለፈ። ሦስተኛው የሴጌቶ ሥራ ሠራበት፤ የብረት በር ማጠፊያ ቆረጠበት። ታንኳ ልሠራ ነው ብሎ የወሰደም አለ። ታንኳ ከደንገል እንደሚሠራ፣ ደንገል ደግሞ መጋዝ እንደማያሻው ትዝ ያለኝ መጋዙ ከሄደ በኋላ ነው። ጣና ላይ 37 ደሴት አለ ይባላል፤ የእኔ መጋዝ ያልረገጠው እነሱን ብቻ ነው ብዬ ስቀልድ፣ አንድ ቀን ደቅ ነው ያለው ተባልኩ። የአንዱ አማች በጀልባ ይዞት ሄዷል።

ከሁሉ የከፋው ነሐሴ 16 ነው። ፍልሰታ ተፈትቶ ቅርጫ የገቡ ሰዎች የበሬ ቅልጥም ቆረጡበት። ሲመልሱልኝ ጥርሱ መሀል ሥጋ ነበረ። እንደ ሰው ስንጥር አስፈለገው። "ምን ሆነ?" ብላቸው፣ "ድሮም ጥርሱ ደካማ ነበር" ብለው አንድ መደብ ሻኛ ላኩልኝ። ሻኛው ጥሩ ስለነበር ዝም አልኩ፤ ይኸው ዝምታዬ ነው የጎዳኝ።

መስከረም ላይ የእድር ስብሰባ ተጠራ። ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ብረት ድስት ከተቆጠረ በኋላ ሰብሳቢው "ልዩ ልዩ" በሚለው ሥር መጋዙን አነሱት።

"መጋዙ ያለ ኃላፊ እየተንከራተተ ነው።"

"ባለቤቱ እኔ ነኝ" አልኩ።

"እሱማ ነህ። ግን እኮ ያለ ኃላፊ ነው።"

አንዱ ተነስቶ ንብረቱ እየተጎዳ መሆኑን በምሬት ገለጸ፤ የበሩን ማጠፊያ የቆረጠው ሰው ነው። ሌላው ሁሉም በእኩል የሚገለገልበት ሥርዓት ይበጅ አለ፤ ቅልጥሙ የእሱ ቤት የተቆረጠ ነው። የአጥሩ ባለቤት ደግሞ "በግለሰብ እጅ ሲሆን ያጋጫል" አለ። ተቃውሞ ካለ ተብሎ ሲጠየቅ እጄ እስከ ትከሻዬ ወጣ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጆሮዬን አከክሁበትና አወረድኩት። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ጥምቀት ሲቃረብ ባለቤቴ ለጠላ የሚሆን ማገዶ አለችኝ። የማንጎው ፍልጥ ደርቆ ቀሏል፤ ግን ከምድጃው ይረዝማል፤ ማሳጠር ያስፈልጋል። ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ሄድኩ። ዕቃ ጠባቂው፣ ልጅ ሆኖ ማንጎዬን ሲሰርቅ ያባረርኩት፣ መዝገብ ገልጦ ጠበቀኝ።

"ለምን ሥራ ነው ጋሼ?"

"እንጨት ልቆርጥ።"

"የማንን?"

"የእኔን።"

ጻፈ። መጋዙን አወጣ። እጀታው ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል፤ 14። 13ቱ ብረት ድስት ነው። ጥርሱን አንድ በአንድ ቆጥሮ "የጎደለ 7" ብሎ መዘገበና፣ "በመልካም ይዞታ ተረክቤያለሁ" የሚለው ሥር አስፈረመኝ።

"ነገ እስከ 12 ሰዓት ካልመለሱ በቀን 20 ብር ቅጣት አለው" አለኝ። ልወጣ ስል ጠራኝና ግራ ቀኙን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ደግሞ ጋሼ፣ አደራ፣ ለሰው እንዳያውሱት።"