ለዘጠኝ ደቂቃዋ እንቅልፍ ምስጋና ይድረሳት

አላርሙን 12:00 ላይ ሞልተው 12:45 ለሚነሡት ጀግናችን ከወንበራችን ብድግ እንበል። ስልኩ ይጮኻል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ አውራ ጣታቸው ስኑዟን፣ አላርሙን ለጥቂት ደቂቃ ዝም የምታሰኘውን ቁልፍ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ታገኛታለች። እንዲህ ያለ ቅልጥፍና ቢሮ ውስጥ ታይቶባቸው አያውቅም።

የአይፎን ስኑዝ ከፋብሪካ ሲወጣ 9 ደቂቃ ነው። አምስቴ ሲጫኑት 45። አንድ ሙሉ የእንቅልፍ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ በዘጠኝ ደቂቃ የሚደረሰው እስከ ደጃፉ ነው፤ ጀግናችን ደጃፉን አምስት ጊዜ አንኳኩተው አምስት ጊዜ ይመለሳሉ። ጭንቅላታቸውም የቀዘቀዘ ናፍጣ መኪና ይሆንና ከተነሡ በኋላ ግማሽ ሰዓት ድረስ ሲያንቋርር ይቆያል። አላርሙን 12:45 ሞልተው አንዴ ቢነሡ ያንኑ 45 ደቂቃ ሳይቆራረጥ ይተኙት ነበር። ግን ያኔ ጀግንነቱ የት አለ?

ጨለማ ነው እንዳይባል፣ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ በአገሩ ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር 2:45 ገደማ የምትወጣው ስዊድን፣ ስቶክሆልም ነው። አዲስ አበባ ላይ ክረምት ከበጋ ከ12 እስከ 12:50 ባለው ጊዜ ውስጥ ብቅ ትላለች። ሰዓቱን ራሱ ከንጋት ጀምሮ የሚቆጥር ሕዝብ ልጅ ናቸውና ለፀሐይዋ ክብር መጋረጃውን ጥርቅም አድርገው ዘግተዋል። አንጎል እንቅልፍ የሚያመጣውን ሆርሞን የሚያቆመው ብርሃን ሲያይ ነው፤ የእሳቸው አንጎል ግን የሚያየው ቴሌግራም ነው።

እዚህ 20 ደቂቃ። ማን ተሾመ፣ ማን ተሻረ፣ ዶላር ስንት ገባ። ፊታቸውን ሳይታጠቡ የአገሩን ፊት አጥበው ይጨርሳሉ። ባለቤታቸው «እንደምን አደርክ» ብትል መልሱ «እምም» ነው፤ ለሦስት ግሩፕ ግን ጽጌረዳ ያለበት «መልካም ቀን» ተልኳል።

1:05 ሆነ። አሁን ካውያ ይሰካል፤ መብራት የለም። ሸሚዙ ትናንት ማታ ቢተኮስ ኖሮ የጧቱ መብራት ባላስጨነቀ። የፈረቃው ውሃም ሌሊት መጥቶ፣ ባለ 20 ሊትሯ ጀሪካን ባዶዋን መቀመጧን አይቶ፣ ሄዷል። ፍርፍር እንዳይሠሩ ሽንኩርቱ እስኪቁላላ ብቻ አሥር ደቂቃ ይፈልጋል። አሥር ደቂቃ ደግሞ፣ አቤት ብክነቱ!

ጀግናችን በባዶ ሆድ ታክሲ ተራ ይደርሳሉ። የሰልፍ ሂሳብ ከአልጋ ሂሳብ ጋር አይገጥምም፦ አንድ ሚኒባስ የሚጭነው 12 ሰው ስለሆነ ከፊትዎ 60 ሰው ከቆመ አምስት መኪና መጥቶ እስኪሞላ ነው የሚጠብቁት። አልጋ ላይ የቀሩት 20 ደቂቃ እዚህ ከወለዱ ጋር ይከፈላሉ፤ ረዳቱን መሳደቢያ ጊዜ ግን በነፃ ይገኛል።

3:10 ላይ ቢሮ። የመንግሥት ሥራ 2:30 ገብቶ 6:30 ለምሳ ይወጣል፤ ዓርብ ደግሞ 5:30። ከአራቱ ሰዓት 40 ደቂቃው መንገድ ላይ ቀረ፣ 40ው ደግሞ ቁርስ ላልበላ ሰው ለማኪያቶና ለሳምቡሳ ይገባል። ሆዱ ባዶ የሆነ ሰው ፊርማ ቢያበላሽስ?

ከ2:30 ጀምሮ ፋይሉን ታቅፎ መስኮቱ ሥር የቆመው ባለጉዳይ «የሉም እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል።

«ኧረ አሉ፣ ኮታቸው ይኸው» ይሉታል።

እውነት ነው። ኮቱ ከትናንት ጀምሮ ወንበሩ ላይ ነው ያደረው፤ 2:30 ላይም በቦታው ነበር።